ቡናው ሲቀላ የመጣ አጎት

አጎቴ ከናዝሬት የመጣው ቡናው ሲቀላ ነው። ለመርዶው አልመጣም። አባቴ ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር ከሄደ በኋላ የሞቱ ወሬ ሲደርሰን፣ አገር ምድሩ ደጃችን ላይ ሲያለቅስ፣ የገዛ ወንድሙ «ጋራዡ ፈቃድ ከለከለኝ» ብሎ በሰው ላከብን። ለቡናው ጊዜ ግን ፈቃድ አላጣም። የሞተን ሰው በክፉ ማንሳት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ እሱም ከሞተ ቆይቷል። ነውሩን እኔ እሸከመዋለሁ።

ቤታችን ከሻሸመኔ ወደ ወንዶ በሚወስደው መንገድ፣ ዳገቱ ላይ ነበር። እናቴ የናዝሬት ልጅ ናት። ወላጆቿ ከመንዝ መጥተው ገበያው አጠገብ በርበሬ ይነግዱ ነበር። አባቴ ደግሞ የአርሲ ኦሮሞ ነው፤ በጭነት መኪና ቡና ይዞ ናዝሬት ሲመላለስ ተያዩ። የእሷ ቤተሰብ «እስላም አገባች» ብሎ ፊቱን አዞረባት። የእሱ ቤተሰብ «የከተማ ሴት ደግሞ መቼ ቡና ኮትኩታ ታውቃለች» ብሎ ሳቀባት። እሷ ማተቧን ሳትበጥስ፣ እሱም ሶላቱን ሳይተው፣ ከአኮ ቤት አጠገብ ጎጆ ቀልሰው ወለዱን። አኮ ማለት በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። የአባቴን እናት እንደዚያ ነበር የምንጠራት፤ እናቴም ልጆቿን ተከትላ አኮ ትላት ነበር።

የቡናን ሥራ ለእናቴ ያስተማረቻት አኮ ናት። ስትኮተኩት ሥሩን እንዳትነካ፣ ጥላ የሚሆነውን ዛፍ ከየት በኩል እንደምትመለምል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንዴት እንደምትለቅም። በእኛ ዘንድ ቡና ፍሬ በፍሬ ነው የሚለቀመው። የቀላችውን ትወስጃለሽ፣ አረንጓዴዋን ትተሽ ትሄጃለሽ፣ ሌላ ቀን እዚያው ዛፍ ሥር ትመለሻለሽ። ቅርንጫፉን በመዳፍ ጨብጦ ከላይ እስከ ታች መሸምጠጥ የሌባ አለቃቀም ነው። የተሸመጠጠ ቅርንጫፍ ለከርሞም አኩርፎ ነው የሚከርመው። አባቴ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ስለነበር ያንን ቡና ያሳደገችው እናቴ ናት ብል ማጋነን አይደለም። የእጇ መዳፍ እስክትሞት ድረስ እንደ ገበሬ እጅ ሻካራ ነበር፤ በዚያም ትኮራ ነበር።

አጎቴ ስኳርና ሻሽ ይዞ መጣ። እኔን «የወንድሜ ዓይን» እያለ ሳመኝ። አባቴን እያነሳ አለቀሰ፣ አኮን እግሯን ሊያጥባት ተነሳ፣ ለእናቴ እንጨት ፈለጠላት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ጥቂት ቀን እንደቆየ በግ ገዝቶ የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ጋበዘ፤ እናቴም የታረደውን በግ ሥሪ ስትባል ነገሩ ገባት። በማግሥቱ ሽማግሌ ልኮ አስታወቃት። በአገሩ ልማድ የወንድም ሚስት ለወንድም ናት፤ እሺ ካለች ያገባታል፤ እንቢ ካለች ወደ ናዝሬት ትመለስ፤ ቡናው ግን የወንድሙ ስለሆነ ለእሱ ይገባል።

እናቴ ለሽማግሌዎቹ የሰጠችውን መልስ በሩ አጠገብ ቆሜ ሰምቻለሁ። «የሞተው ባሌ ከመሬት ጋር ቆጥሮ አላገባኝም። ይሄኛውም ከመሬት ጋር ቆጥሮ አይወስደኝም። የእኔን ቡና የሚፈልግ ከእኔ ጋር ነው የሚነጋገረው» አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። አጎቴ ስኳሩን መልሶ ባይወስደውም ሳቁን ግን ወሰደ።

ያን ጊዜ መሬት የሕዝብ ሆኗል። የገበሬ ማኅበር አባል የሆነ አባወራ ነው የሚጠቀምበት። አባወራው ሲሞት ሚስቱ አባል ሆና በቦታው መተካት እንደምትችል አዋጁ ይላል፣ ይሉ ነበር። በእኛ ቀበሌ ግን ስብሰባ ላይ እንደ አባል የተቀመጠች ሴት አይቼ አላውቅም። የሴቶች ማኅበር የሚባል ነበረን፤ ሥራው እንግዳ ሲመጣ ተሰልፎ ማጨብጨብ ነው። እናቴ ሻሸመኔ ድረስ ወርዳ ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተች። «ከማኅበርሽ ጋር ጨርሺ» አሏት። ወደ ማኅበሩ ስትመለስ ሊቀመንበሩ ጥርሱን እየፋቀ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል አልሰማሽም?» አላት። እናቴ «ሰምቻለሁ፤ ያለው ወንድ ነው» ብላ ወጣች። ነገር ግን ቤት ገብታ አለቀሰች። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ እሷን ንቀዋታል፣ ይህን ታውቀዋለች።

ከዚያ አንድ ማለዳ አጎቴ ቅጥር ለቃሚዎችና ጆንያ ይዞ ቡናው ውስጥ ገባ። ለቃሚ አልኩ እንጂ ለቀማስ አልነበረም። ይሸመጥጡታል። ቀዩንም አረንጓዴውንም፣ ቅጠሉንም ጭምር፣ ጆንያው ውስጥ ይከቱታል። የጋራዥ ሰው ነውና ቡና ብሎን የሚፈታ መስሎታል። እናቴ ድምፁን ሰምታ ሮጠች፣ እኔም ተከተልኳት። አጎቴ የያዘውን ቅርንጫፍ ከእጁ ላይ ያዘችና «ልቀቅ» አለችው። ገፈተራት። ወድቃ ጀርባዋ ከግንዱ ጋር ተላተመ። ተነስታ ያንኑ ቅርንጫፍ መልሳ ያዘች። ያኔ እጁን ለጥፊ አነሳ።

አኮ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው፤ ሲንቄዋን ይዛ። ሲንቄ የአርሲ ሴት ስታገባ ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው። ከብት አይነዱበትም፣ ልጅ አይገርፉበትም። የባለትዳር ሴት ክብር ነው። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዲት ሴት መሀላቸው ሲንቄዋን ካጋደመች ጦር የተማዘዙ ቢሆኑም ይቆማሉ፤ ያንን አልፎ የሚማታ ወንድ ዳገቱ ላይ ታይቶ አይታወቅም። አኮ በልጇና በእናቴ መካከል በትሯን አጋደመች። ቅጥሮቹ ልጆች ወዲያው ጆንያቸውን ጥለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። የአገሩ ልጆች ናቸዋ፤ ያውቃሉ።

አጎቴ ግን ብዙ ዘመን ናዝሬት ኖሯል። «እማ፣ ይሄን እንጨትሽን ወዲያ በይልኝ» አለና ከእጇ መንጭቆ ቡናው ውስጥ ወረወረው።

ከቅጥሮቹ አንዱ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አጎቴ ራሱ ምን እንዳደረገ የገባው ከወረወረው በኋላ ነው፤ እጁ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። አኮ አየችው። የቀረላት አንድ ወንድ ልጅ እሱ ነው። በትሯን ላንሳልሽ ብዬ ስሮጥ «ተዪው! የጣለው ያንሳው» ብላ አስቆመችኝ። ከዚያ ሁለት እጆቿን ጆሮዎቿ ላይ አድርጋ፣ እንደዚያ ካለች ትንሽ ሴት ይወጣል ብዬ በማላስበው ድምፅ፣ እሪ አለች። በገዛ ልጇ ላይ።

የሲንቄ እሪታ እንደ ሌላው እሪታ አይደለም። የሰማች ሴት ሁሉ የያዘችውን ጥላ መውጣት አለባት፣ እሪታውንም ተቀብላ ለሚቀጥለው ቤት ማድረስ አለባት። ድምፁ ዳገቱን ከቤት ቤት ሲወጣ ይሰማኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሴቶቹ መጡ፤ እጇ ሊጥ የሆነች፣ ሕፃን ያዘለች፣ ከምርኩዟ ጋር ሲንቄዋን የያዘች አሮጊት። የሊቀመንበሩ ሚስት ከፊተኞቹ አንዷ ነበረች። ማንም ማንንም «ምን ሆነሽ» ብሎ ብዙ አልጠየቀም። «ሲንቄ ወረወረ» የምትለው ቃል ትበቃ ነበር።

ልማዱ እንዲህ ነው፤ ሲንቄ ሲደፈር ሴቶቹ ቤታቸውን ጥለው ይወጣሉ፤ ካሣ ተከፍሎ ይቅርታ እስኪጠየቅ ድረስ አይመለሱም። ሊሄዱ ሲሰለፉ አንዲት ጎረቤታችን እናቴን አየቻትና በኦሮምኛ «እሷ እኮ ሲንቄ አልተሰጣትም። ትቅር» አለች። ክፋት አልነበራትም፤ ደንቡን መናገሯ ነው። የእናቴ እናት የመንዝ ሴት ናት፤ ለልጇ ሲንቄ ቀርቶ ምርቃትም አልሰጠቻት። እናቴ ፊቷ ቀልቶ ከሰልፉ ወጣ አለች። አኮ ወደ ሴትየዋ ዞራ «የእኔም ሲንቄ መሬት ላይ ነው። ዛሬ እሷም ባዶ እጇን፣ እኔም ባዶ እጄን ነን። ልታስቀሪ ከሆነ ሁለታችንንም አስቀሪን» አለቻት። ሴትየዋ መንገዱን ለቀቀች። አኮና እናቴ ባዶ እጃቸውን ተያይዘው ከፊት ሄዱ።

ወንዙ አጠገብ ያለ ትልቅ ሾላ ሥር ሰፈርን። ከሌላ ቀበሌ የመጡ ሴቶች ወተትና ቂጣ አመጡልን። እየዘፈንን እንውላለን። አልፈራንም ነበር የሚል ካለ ይዋሻል። ዘመኑ ሰው ለትንሽ ወሬ የሚጠፋበት ዘመን ነው፤ ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ምን እንደሚያመጣ ሁሉም ያውቃል። ልጇ የታሰረባት አንዲት እናት አብራን ነበረች፤ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ብድግ ትላለች። አልሄደችም ግን።

በቀበሌው ደግሞ ላሞቹ ያገሳሉ። በአርሲ ላም የምታልበው ሴት ናት፤ ወንድ ቢያልብ መሳቂያ ይሆናል። ሊቀመንበሩ ግን የልጆቹ ለቅሶ ሲበዛበት አጥሩን ዘግቶ ሊያልብ ሞከረ አሉ። ላሟ ሊቀመንበር መሆኑን አላወቀችለትም፤ በእርግጫ አለችውና ሲያነክስ ሰነበተ። ወሬውን ያመጣችልን ሚስቱን ልትለምን የተላከች ልጁ ናት። ሚስቱ እስክታለቅስ ድረስ ሳቀች፤ ወደ ቤት ግን አልሄደችም።

የላሙስ ይሁን። ቡናው ነበር ጭንቁ። ለቀማ የሴት እጅ ነው፤ የዳገቱ ቡና ሁሉ ቀልቶ፣ ጠቁሮ፣ መርገፍ ጀመረ። ለመንግሥት የሚገባው ኮታ ዛፍ ሥር እየወደቀ ነው። ሽማግሌዎቹ የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መጡ። ጊደር እንሰጣለን፣ ልጅሽም ተንበርክኮ ይቅርታ ይጠይቃል አሏት አኮን። ሴቶቹ ፊታቸው በራ፤ ከበቂ በላይ ነበር። አኮ «ቡናውስ?» አለች።

«ቡናው የመንግሥት ጉዳይ ነው፣ ሲንቄው የልማድ ጉዳይ ነው። ሁለቱ አይገናኙም» አሏት።

«እኔ በትሬን ያጋደምኩት በእሱና በአየር መካከል አይደለም። በእሱና በቡናው መካከል ነው። ጊደራችሁን ይዛችሁ ሂዱ» አለቻቸው።

ከሴቶቹ አንዳንዶቹ አጉረመረሙ። ጊደር እንዲህ በቀላሉ አይመለስም፤ ቤታቸው የሚያለቅስ ሕፃን አለ። እናቴም ፈርታ «አኮ፣ ስለ እኔ ብለው ይህን ሁሉ ሴት አያስቸግሩ» አለቻት። አኮ «ስለ አንቺ ማን አለሽ? ዛሬ የአንቺን ከወሰዱ ነገ የማን ባል እንደሚሞት ማን ያውቃል» አለች። ይህን ጮክ ብላ ነበር የተናገረችው። ማጉረምረሙ ቆመ።

የኮታው ነገር ሲሰማ ከሻሸመኔ አንድ ካድሬ በላንድሮቨር መጣ፤ ጠመንጃ የያዙ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ። ካኪ የለበሰ፣ ከአማርኛ በቀር የማይችል ወጣት ነበር። ሊቀመንበሩ እያነከሰ ሊያስተረጉምለት ሲጠጋ እናቴ ተነሳች። «ሊቀመንበሩ ይረፉ፤ እግራቸውን ታመዋል። እኔ አስተረጉማለሁ» አለች። ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ማን ነው የሰበሰባችሁ? መሪያችሁ ማን ናት?» አለ ካድሬው።

እናቴ ለአኮ ነገረቻት። አኮ ካድሬውን ተከትለው ከመጡት የቀበሌው ወንዶች መሀል አጎቴን በአገጯ አመለከተች። «የሰበሰበን እሱ ነው። እሱን ይጠይቀው።»

ካድሬው ፊቱ ተለዋወጠ። ይህ ኋላ ቀር ልማድ ነው፣ አብዮቱ በትር የያዘች ሴት ሳይሆን የተደራጀች ሴት ነው የሚፈልገው፣ ይህን መሰል ስብሰባ ደግሞ ሌላ ስም ሊሰጠው ይችላል አለ። ሌላ ስም ሲል አብዮት ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን አስተካከሉ። ያቺ ልጇ የታሰረባት እናት ትከሻዬን ጨበጠች፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ሲገባ ይሰማኛል።

እናቴ ይህን አላስተረጎመችውም። ራሷ መለሰች። «ጓድ፣ ከዚህ በላይ እንዴት አድርገን እንደራጅ? የሴቶች ማኅበር ብላችሁ ስትጠሩን ግማሻችን እንቀር ነበር። ዛሬ የቀረች የለችም። ባሌ ለአገር ሂድ ሲባል ሄዶ ሞተ። መሬት ለአራሹ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ያንን ቡና የኮተኮተው፣ የመለመለው፣ የለቀመው ማን እንደሆነ እነዚህን ወንዶች ይጠይቁልኝ። እኔ ካልሆንኩ አሁኑኑ ልጆቼን ይዤ ናዝሬት እገባለሁ።»

ካድሬው ወደ ወንዶቹ ዞረ። ወንዶቹ መሬቱን አዩ። በመጨረሻ ሣር ይዘው ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና «እሷ ናት። ቡናው ውስጥ ሌላ ሰው ጎንበስ ብሎ አላየሁም» አለ። ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ ሊናገር ሲል ሚስቱ «ንገራቸው እንጂ! ቤት ስትገባ ቡናው የእሷ ልፋት ነው የምትለውን ንገራቸው!» ብላ ጮኸችበት። የታመመ እግሩን ማሻሸት ጀመረ።

ካድሬው ዳገቱን፣ ዛፍ ሥር የረገፈውን ቡና አየ። ኮታው ካልሞላ ሻሸመኔ ላይ የሚጠየቀው እሱ ነው። ፍትህ አላሸነፈውም፤ ፍርሃት ነው ያሸነፈው። ደንታ የለኝም። እኛ ስንፈራ ኖረናል፤ አንድ ቀን እሱ ቢፈራ ምን ይሆናል? የማኅበሩ ስብሰባ እዚያው ሾላው ሥር ይደረግ አለ። ሊቀመንበሩ እናቴ በባሏ ቦታ የማኅበሩ አባል እንድትሆን፣ ቡናውም በእጇ እንዲጸና ሐሳብ አቀረበ፤ እንደ መራራ መድኃኒት እየዋጠ። «የሚቃወም እጁን ያውጣ።» ሚስቶቻቸው ሲንቄያቸውን ተደግፈው ዙሪያውን ቆመዋል። ግማሹ ወንድ ስለ እውነት ብሎ፣ ግማሹ ወተት ናፍቆት፣ አንድም እጅ አልወጣም። እናቴ በወንዶቹ መሀል ባዶ የነበረች ድንጋይ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ድንጋይ ለማንም አልለቀቀችም።

የቀረው የአኮ ጉዳይ ነበር። ሁላችንም ወደ ቡናው ተመለስን። አጎቴ እርጥብ ሣር ይዞ ሊንበረከክ ሲል «መጀመሪያ የጣልከውን አንሳ» አለችው። ቡናው ሥር በእጅና በእግሩ ገብቶ ፈለገው፤ በትሩን በሁለት እጁ ይዞ ጭቃ ለብሶ ወጣ። ተንበረከከ። አኮ በትሯን ተቀበለች፣ ሣሩንም ተቀበለች፣ ራሱ ላይ እጇን ጫነች፣ መረቀችውም። ልጄ ነህ፣ ይቅር ብዬሃለሁ አለችው። ሴቶቹ እልል አሉ።

እሱ ግን አልተነሳም። እንደተንበረከከ፣ ለእሷና አጠገቧ ለቆምነው ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ጋራዡ ካባረረኝ ቆየ። ናዝሬት የምገባበት ቤት የለኝም። የት ልሂድ?» አላት። ከመጣ ጀምሮ የተናገረው እውነት ያ ብቻ ይመስለኛል። እኔ አላዘንኩለትም፤ ዛሬም አላዝንለትም። እናቴ አዘነችለት። ቅድም በወንዶች ፊት እንደ አንበሳ የቆመችው ሴት ወደ አኮ ጠጋ ብላ «አኮ፣ ልጅዎ እኮ ነው። ወደ ወንዙ ያለውን ጥግ እንስጠው» አለቻት።

የአኮ እንባ ይወርዳል፣ አትጠርገውም። ጥጉን አየች፣ ልጇን አየች፣ እናቴን አየች።

«ዛሬ ጥጉን ከሰጠሽው ነገ ጥጉ ላይ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ» አለች። «አንዱን ልጄን ሌሎች ወሰዱብኝ። ይሄኛውን እኔ ራሴ እሸኘዋለሁ።»

ስንቅ ቋጠረችለት፣ ክንዱን ይዛ እስከ መኪና መንገዱ ድረስ ወረደች። ስትመለስ ዓይኗ አብጦ ነበር። እኛን እዚያው እንደቆምን አገኘችን። «ምን ትገተራላችሁ? ቡናው እኮ እየረገፈ ነው» አለችና ቅርጫቷን አንስታ፣ እያለቀሰች፣ ከፊታችን ገብታ ቀዩን ብቻ መልቀም ጀመረች።